ለወፍም ለንብም የሚሆን አጋም፦ በጣና ዳር ከዘር ጀምሮ ለማልማት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ግቢ ለማጠር ሲታሰብ ብሎኬትና ቆርቆሮ ይቀድማሉ፤ ዛፍ ለመትከል ሲታሰብ ደግሞ ባሕር ዛፍ ይቀድማል። ለባለቤቱ ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ወፍ ጎጆዋን ከጭልፊትና ከድመት ሰውራ የምትሠራበት፣ ጥቅጥቅ ያለ እሾሃም ቁጥቋጦ ግን አይተኩም። እንዲህ ያለው ቁጥቋጦ ዛሬ በብዛት የሚገኘው በየደብሩ ቅጥር፣ በዘጌ ጫካ ጠርዝና በአንዳንድ የድሮ ማሳ ድንበር ላይ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ከእነዚያ ቁጥቋጦዎች አንዱ የሆነውን አጋምን ከዘር አፍልቶ በግቢ፣ በማሳ ድንበር ወይም በተራቆተ ኮረብታ ላይ ለመትከል የሚያስችለውን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስረዳል።

አጋምን የመረጥሁት በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የአገሩ ተክል በመሆኑ በባሕር ዳር ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነው ቦታ፣ ያለ ብዙ እንክብካቤ ይኖራል፤ ሥር ከያዘ በኋላም ረጅሙን በጋ ያለ ውኃ ይሻገራል። ሁለተኛ፣ አበባው ለንብና ለሌሊት ቢራቢሮ፣ ፍሬው ለወፍ፣ ለጦጣና ለሕፃናት፣ እሾሁ ለጎጆ ጥበቃ ይውላል። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ምክንያት ደግሞ አጋም ብቻውን የማይቀር መሆኑ ነው፤ ፍሬ ፍለጋ የሚመጡ ወፎች የሌሎች ዛፎችን ዘር በኩሳቸው ከሥሩ ይጥላሉ፤ የበቀለውንም ችግኝ እሾሁ ከፍየልና ከበግ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አጋም የሚተክል ሰው ከአጥር በላይ የሆነ ነገር እየጀመረ መሆኑን አስቦ ቦታውንም አተካከሉንም ሊመርጥ ይገባል።

ተክሉን በትክክል መለየት

አጋም ሳይንሳዊ ስሙ ካሪሳ ስፒናሩም ይባላል፤ በቀደሙ መጻሕፍት ካሪሳ ኤዱሊስ ተብሎም ይገኛል። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ ጠንከር ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ የሚበቅል ነው። ቅርንጫፉ ሲሰበር ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። አበባው ከውስጥ ነጭ፣ ከውጭ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ ነው። ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ይጀምርና ቀልቶ በመጨረሻ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። በብዙ ቦታ ምረንዝ ወይም መርዝ እየተባለ የሚጠራው ተክል የአጋም የቅርብ ዘመድ ነው፤ እርሱም ወተት የመሰለ ፈሳሽ፣ የሚያብረቀርቅ ትይዩ ቅጠል፣ መልካም ሽታ ያለው ነጭ አበባና ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ አለው። ይሁን እንጂ ከጥንት ጀምሮ ለቀስት መርዝ ሲቀመም የኖረ፣ ልብን የሚያቆም ኃይለኛ መርዝ ነው። ሁለቱን የሚለየው እሾህ ነው፦ አጋም ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዴ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም እሾህ ሲኖረው ምረንዝ እሾህ የለውም። እሾሁን በዓይንዎ ካላዩበት ተክል ፍሬ አይልቀሙ፤ ሌላ ሰው ለቅሞ ያመጣልዎትን ፍሬ ደግሞ እሾሃም ቅርንጫፉን ሳያዩ ለዘር አይቀበሉ፤ ሕፃናትንም ይህንኑ ያስተምሩ።

ሌላው መሳሳቻ የወፍ ቆሎ ነው። እርሱም በወፎች ይወደዳል፤ ነገር ግን ከሌላ አህጉር የመጣ ወራሪ ቁጥቋጦ ስለሆነ፣ አንዳንድ ሰው ወፍ ለመሳብ ብሎ ሲተክለው ሳይ ከልብ አዝናለሁ። ቦታውን ይወርራል፤ ሌላ አያስበቅልም፤ የበላው ከብትም ይታመማል።

ቦታውን መምረጥ

በጣና ዳር አጋምን በብዛት የሚገድለው ከድርቅ ይልቅ በእግሩ ሥር የሚተኛ ውኃ ነው። በባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ የሐይቁም ውኃ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከፍታው ይጨምራል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከሐይቁ ጠርዝ ብዙም ሳልርቅ፣ አፈሩ ለም ስለሆነ ብቻ ደስ ብሎኝ ሠላሳ ያህል ችግኝ ተከልሁ። በሐምሌ አምረው ነበር፤ በጥቅምት ግን ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ የሌሎቹን ሥር ስነቅለው ጠቁሮ በስብሶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የምመራበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ደንገል፣ ፊላ ወይም ረግረግ ወዳድ ሣር የሚበቅልበት ቦታ የአጋም ቦታ አይደለም። ያ ቦታ ለደንገሉ ይተው፤ እርሱም የራሱ ወፎች አሉት።

የሚስማማው ውኃ የሚያሳልፍ ቀይ አፈር፣ ድንጋያማ ተዳፋት፣ የማሳ ድንበርና የኮረብታ ጥግ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ጨርሶ አይቻልም ማለት ሳይሆን፣ ከመሬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ተሠርቶ በመደቡ ላይ መተከል አለበት። የሚያጠራጥር ቦታ ከሆነ በክረምት አጋማሽ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉበት፤ በማግስቱ ውኃው ካልጠለቀ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

ብርሃንን በተመለከተ አጋም ከፊል ጥላን ይችላል፤ ብዙ አበባና ፍሬ የሚሰጠው ግን ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ነው። በባሕር ዛፍ ሥር መትከል ድካም ነው። እሾሁ ልብስና ዓይን ስለሚወጋ ከእግረኛ መንገድ፣ ከልጆች መጫወቻና ከበር ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ከጫት ማሳ አጠገብ ከሆነም በፀረ ተባይ ርጭቱ ወቅት ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ ማየት ያስፈልጋል፤ ንብ የሚመጣበትን አበባ በመርዝ ጎን መትከል ንቦቹን ወደ ሞት መጥራት ነውና። ነባር የቁልቋል አጥር ካለዎት ደግሞ የአበውን ቃል ያስታውሱ፤ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የተባለው እውነተኛ ምልከታ ነው፤ ነፋስ በወዘወዘው ቁጥር እሾሁ ቁልቋሉን ይወጋዋልና ሁለት ሜትር ያህል ያራርቋቸው።

ዘር መልቀምና ማዘጋጀት

ምን ያህል ዘር እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል። ለምሳሌ 20 ሜትር የሚረዝም አጥር በሁለት ረድፍ፣ በችግኞቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር እየተተወ ቢተከል 80 ያህል ችግኝ ይፈልጋል። የሚሞተውን አስበን 100 እናፍላ፤ በየችግኝ ማፍያ ከረጢቱ ሁለት ዘር ስለምንዘራ 200 ዘር ይሆናል። አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ጠፍጣፋ ዘር ስለሚይዝ 100 ፍሬ ይበቃል፤ ይህም ከሁለት እፍኝ ብዙም አይበልጥም። ጆንያ ሙሉ ፍሬ የሚለቅም ሰው የወፎቹን ቀለብ ያለ ጥቅም እየወሰደ ነው።

ወር ከመቁጠር ይልቅ ፍሬውን መመልከት ይሻላል። ለዘር የሚሆነው ጨርሶ የጠቆረ፣ ሲነኩት ለስለስ ያለና ከቅርንጫፉ በቀላሉ የሚላቀቅ ነው፤ የቀላው ገና ነው። ከአንድ ቁጥቋጦ ብቻ ሳይሆን ተራርቀው ከሚገኙ አምስት ወይም ስድስት እናት ተክሎች እየቀላቀሉ መልቀም ተገቢ ነው፤ ልጆቹ በዘር የተለያዩ ሲሆኑ ለበሽታም ለድርቅም በአንድነት አይሸነፉም። ከየቁጥቋጦውም ከሲሶ በላይ አይወሰድ።

የደብር ቅጥር ውስጥ ያለ ተክል የደብሩ ንብረት ነው። ስለዚህ ከመልቀምዎ በፊት አስተዳዳሪውን ወይም ገበዙን አግኝተው፣ ተባርከው፣ የሚፈልጉት ፍሬ ብቻ እንደሆነ ያስረዱ። ፍሬ ብቻ መሆኑን መናገር የሚያስፈልገው የአጋም ሥር ለመድኃኒትና ለጢስ እየተባለ ስለሚቆፈርና ይህም ብዙ ቁጥቋጦ ያደረቀ ልማድ ስለሆነ ነው።

የተለቀመው ፍሬ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ በውኃ ውስጥ በእጅ ይታሻል። ፈሳሹ ስለሚያጣብቅ ጓንት ማድረግ፣ ጓንት ከሌለም እጅን አስቀድሞ ዘይት መቀባት ይረዳል፤ ዓይን ግን በምንም ምክንያት በዚያ እጅ አይነካ። ሥጋው ከዘሩ ሲላቀቅ ውኃው ደጋግሞ ይለወጣል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ባዶ ዘር ከገለባው ጋር ይደፋል፤ ወደ ታች የዘቀጠው ይቀመጣል። ከዚያም በጥላ ሥር፣ በወንፊት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ አንድ ቀን ብቻ ይንጠፍ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ለከርሞም አይቀመጥ። የአጋም ዘር በትኩስነቱ ሲዘራ በደንብ ይበቅላል፤ በቆየ ቁጥር ግን ጉልበቱ ይቀንሳል።

ችግኝ ማፍላት

ለከረጢቱ ሁለት እጅ የጫካ ወይም የጓሮ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ተቀላቅሎ በወንፊት ይነፋል። ያልበሰለ የከብት እበት አይግባ፤ ሥር ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል። የችግኝ ፕላስቲኩ ረዘም ያለ፣ ከታችና ከጎኑ የተበሳሳ ይሁን። አፈሩ ከተሞላና ከረጠበ በኋላ ሁለት ዘር ተራርቆ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይዘራል፤ ላዩ በስሱ ሣር ይሸፈናል፤ በዚያ ላይ ከአንድ ሜትር ከፍታ የሣር ዳስ ይሠራል።

ውኃ በየቀኑ ጠዋት፣ በወንፊት ማጠጫ፣ አፈሩ እንዲረጥብ እንጂ እንዲጨቀይ ሳይሆን ይጠጣል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ ቀዝቃዛ ወር ከሆነ ይዘገያል፤ ስለዚህ በሃያኛው ቀን ተስፋ ቆርጠው ከረጢቱን እንዳይደፉት። ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር የተጎዘጎዘው ሣር ይነሣል። ሁለቱም ዘሮች ከበቀሉ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጡ ደካማው በመቀስ ይቆረጣል፤ መንቀል የሌላውን ሥር ያናጋል።

አጋም በልጅነቱ ዝግተኛ ነው። ባሕር ዛፍ ሲያፈላ የለመደ ሰው የአራት ወር የአጋም ችግኝ ሲያይ የታመመ ይመስለዋል፤ ጤነኛ ነው፤ ጉልበቱን ወደ ሥር እየላከ ነው። ለመትከል የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲረዝም ነው፤ ይህም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። ዘሩ የተገኘበት ጊዜ ለመጪው ክረምት ካላደረሰው አንድ ዓመት ማቆየት ትንሽ ችግኝ ተክሎ ከማጣት ይሻላል። በዚህ ጊዜ በየወሩ ከረጢቱን እያነሡ ከታች የወጣውን ሥር መግረዝ የግድ ነው። አንድ ጊዜ ጊዜ አጥሮኝ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የተዘጋጀ ገዝቼ ነበር፤ ከላይ ለምለም የነበረው ሁሉ ፕላስቲኩ ሲቀደድ ሥሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አንድ ክንድ አላደገም። የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የአንዱን ችግኝ ፕላስቲክ ቀድዶ ሥሩን ይመልከት።

ከመተከሉ ስድስት ሳምንት በፊት የዳሱ ሣር ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ውኃውም በየሁለት ቀኑ ይሆናል። ፀሐይ ያልለመደ ችግኝ ሜዳ ላይ ሲወጣ ቅጠሉ ይቃጠላል።

ዘር ያጣ ሰው ሌላ መንገድ አለው። ወደ መሬት ያዘነበለ ሕያው ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ መሐሉ ላይ ቅርፊቱ በትንሹ ተፍቆ፣ በአፈር ተቀብሮና ድንጋይ ተጭኖበት አንድ ክረምት ቢቆይ ሥር ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከእናቱ ተቆርጦ ይተከላል። ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ይሞከራል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ደርቆብኛል።

ወደ መሬት ማዛወር

ጉድጓዱ በግንቦት፣ ዝናብ ሳይበረታ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ወርድና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሆኖ ይቆፈራል፤ የላይኛው አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጣል። የሚተከለው ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ 20 ባለው ጊዜ፣ መሬቱ እስከ ጉድጓዱ ግርጌ ከረጠበ በኋላ ነው። ከዚያ የዘገየ ችግኝ ዝናቡ ሳይወጣ ሥሩን ለመስደድ ጊዜ ያጥረዋል። ደመናማ ቀን ወይም ከሰዓት በኋላ ይመረጥ። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ተቀድዶ ይወጣል፤ ጉድጓድ ውስጥ መተው የተለመደ ስንፍና ነው። ለምለሙ የላይኛው አፈር አስቀድሞ ይገባል፤ የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ዙሪያው በእግር በልኩ ይረገጣል። በተዳፋት ላይ ከችግኙ በታች በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የአፈር ክትር ቢሠራ ውኃ ይይዝለታል፤ በሜዳ ላይ ግን ውኃ ስለሚያስተኛ አይሠራ።

አተካከሉ እንደ ዓላማው ይለያያል። ለአጥር ከላይ እንደተባለው ሁለት ረድፍ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ የአንዱ ረድፍ ችግኝ በሌላው ክፍተት ፊት ለፊት እንዲውል ተደርጎ ይተከላል። ለወፍና ለእንስሳት መጠለያ ከሆነ ግን ረድፍ አልመክርም። አንድ ችግኝ መሐል፣ ስድስት ችግኞች ደግሞ 1.5 ሜትር ርቀው በዙሪያው ተተክለው ሰባት የሚሆኑበት ክብ የተሻለ ነው፤ ሲያድጉ ተያይዘው፣ ድመትም ሰውም የማይዘልቅበት ጥቅጥቅ ያለ እምብርት ይፈጥራሉ። በሁለት ክቦች መካከል አሥር ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተው፤ ወፍ የሚያርፍበትና የሚለቅምበት፣ ንብም የሚያንዣብብበት ብርሃን ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

እሾሁ ገና ለስላሳ በሆነበት ዕድሜ ፍየል ችግኙን አትምርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክብ በደረቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ይታጠር። አረም በነሐሴና በመስከረም ሁለት ጊዜ፣ በችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ይነቀላል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ መሬቱ ሳይደርቅ፣ በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል አራት ጣት ያህል ይጎዘጎዛል፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ፤ ምስጥ በዚያ በኩል ይገባልና። ምስጥ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ ጉዝጓዙን ቀንሶ አመድ መነስነስና ዋሻቸውን እየተከታተሉ ማፍረስ ይረዳል። በመጀመሪያው በጋ ከኅዳር እስከ ግንቦት በየአሥር ቀኑ ለአንድ ችግኝ አምስት ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል። በሁለተኛው በጋ በወር አንድ ጊዜ፤ በሦስተኛው ይቁም።

መግረዝና መልቀም

የአጋም አበባ የሚወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው አጥሩን በየወሩ እንደ ሣጥን አስተካክሎ ይቆርጥና አጋሜ አያፈራም ብሎ ያማርራል። ፍሬ የሚፈልግ በአንድ ዓመት በአንድ ወገን ብቻ ይግረዝ፤ ሌላውን ወገን ለከርሞ ያቆየው፤ የሚገረዘውም ፍሬው ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ አዲስ እምቡጥ ሳይወጣ ነው። መቀሱን ከማንሣትዎ በፊት ውስጡን በትዕግሥት ይመልከቱ፤ ጎጆ ካለ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይጠብቁ። የተቆረጠው እሾህ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ወዲያው ተሰብስቦ ለአዲሶቹ ችግኞች አጥር ይሁን።

እስከ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓመት ብዙ ፍሬ አይጠበቅ። ሲያፈራም እጅ የሚደርስበትን የውጭውን ለሰው፣ ከላይና ከመሐል ያለውን ለወፍ መተው ልክ ነው። በደንብ ያልበሰለው አፍ ያጣብቃል፤ የበሰለው ግን ለገበያ የሚበቃ ጣዕም አለው።

ከሥሩ የሚበቅለውን መጠበቅ

ክቡ ተያይዞ መሬቱን ካጠላ በኋላ በየመስከረሙ ተንበርክከው ከሥሩ ይመልከቱ። ወፎችና ጦጣዎች ካመጡት ዘር የወይራ፣ የዋንዛ ወይም የሾላ ችግኝ ሊገኝ ይችላል። ሰው በሜዳ ላይ ሲተክላቸው ከብት የሚጨርሳቸው እነዚሁ ናቸው። ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ያጓጓል፤ አያዛውሯቸው። በአጋሙ መሐል ይደጉ፤ አናታቸው ከአጋሙ በላይ ሲወጣ ብርሃን የሚከለክላቸውን አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ይቁረጡላቸው። በዚያው ፍተሻ የወፍ ቆሎ ችግኝ ካጋጠመዎት ግን ገና በጣት በሚነቀልበት ዕድሜው፣ ከነሥሩ አውጥተው ያድርቁት።